ስድስቱ ጥይት ሲያልቅ፦ የሽጉጥ አሞላል ትዝታ

ሽጉጥ መሙላት ያለቀውን ወይም የጎደለውን ጥይት ተክቶ መሣሪያውን እንደገና ለተኩስ ማብቃት ነው። ላይ ላዩን ሲታይ ጥቂት የእጅ እንቅስቃሴ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ባለሽጉጡ ከምንጊዜውም ይበልጥ ለአደጋ የሚጋለጠው በዚያች አፍታ ነው። መሣሪያው ባዶ ነው፣ ሁለቱም እጆች ሥራ ይዘዋል፣ ዓይንም ከፊት ለፊት ካለው አደጋ ተነሥቶ ወደ እጅ መመልከት ይከጅለዋል። ዛሬ በፖሊስ ማሠልጠኛዎች የሚሰጡት የአሞላል ስልቶች የአንድ ሰው ፈጠራ አይደሉም። እያንዳንዳቸው የአንድ ዘመን መሣሪያ ጠባይ የወለዳቸው ናቸው፤ አንዳንዶቹም የሰው ሕይወት ተከፍሎባቸዋል። ስለዚህ የትኛው ስልት መቼ እንደሚያስፈልግ በቅጡ ለመረዳት የመጡበትን መንገድ ማስታወስ ይገባል። የዚህ ትዝታ ዋና መድረክ አሜሪካ ናት፤ ሪቮልቨር አድጎና ገንኖ ለረጅም ዘመን በፖሊስ ወገብ ላይ ከኖረ በኋላ ቦታውን ለባለ ካዝና ሽጉጥ የለቀቀው እዚያ ነውና። ዓመታቱም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሳሙኤል ኮልት በ1836 በአሜሪካ የፈጠራ መብት ያገኘበት ተሽከርካሪ ሽጉጥ (ሪቮልቨር)፣ በኋላ ፓተርሰን የተባለው፣ አምስት ጊዜ ይተኩስ ነበር። በአንድ ጥይት ብቻ ለኖረው የዚያ ዘመን ሰው ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። አምስቱ ካለቁ በኋላ ግን ችግር ይመጣል። የመጀመሪያዎቹን ፓተርሰኖች ለመሙላት መሣሪያውን በከፊል መፍታት ግድ ነበር። በርሜሉ ይወጣል፣ ጥይቶቹን የሚይዘው ተሽከርካሪ ሲሊንደር ይነቀላል፣ በየቀዳዳው ባሩድ ይሰፈራል፣ በባሩዱ ላይ የእርሳስ አረር ይጠቀጠቃል፣ ከኋላ ደግሞ እሳት የምትጭር ትንሽ የመዳብ ቆብ ትደፋለች። በ1839 ከበርሜሉ ሥር መጠቅጠቂያ ዘንግ ስለተጨመረ መፍታቱ ቀረ። ባሩድ መስፈሩና ቆብ መድፋቱ ግን እንዳለ ቆየ፤ በሚጋልብ ፈረስ ላይ ተቀምጦ ይህን መፈጸም ደግሞ የማይታሰብ ነበር።

በዚህ የተነሣ የዚያ ትውልድ መልስ ፈጥኖ መሙላት ሳይሆን ከመሙላት መሸሽ ሆነ። የቴክሳስ ሬንጀሮች አስቀድሞ የተሞላ ትርፍ ሲሊንደር ይይዙ ነበር። ከ1861 እስከ 1865 በዘለቀው የእርስ በርስ ጦርነት የሚዙሪ ደፈጣ ተዋጊዎች በወገባቸውና በኮርቻቸው ላይ በርካታ ሪቮልቨር እየታጠቁ ይወጡ ነበር፤ አንዱ ሲያልቅ ወደ አፎቱ መልሶ ሌላውን መምዘዝ ነው። ይህ ዘዴ ዛሬም አልሞተም። ሁለተኛ ሽጉጥ መያዝ በአሜሪካ ተኳሾች ዘንድ «የኒው ዮርክ አሞላል» ይባላል። የተሞላ መሣሪያ መምዘዝ ባዶውን ከመሙላት ይፈጥናልና አመክንዮው የታወቀ ነው።

ባሩዱ፣ አረሩና እሳት ጫሪው በአንድ ቀለህ ሲጠቃለሉ ነገሩ ተለወጠ። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በ1857 ከኋላ የሚሞላ፣ የብረት ቀለህ ያለው ጥይት የሚጎርስ ትንሽ ሪቮልቨር አወጣ። ከዳር እስከ ዳር የተበሳውን ሲሊንደር የሚመለከተው የሮሊን ኋይት የፈጠራ መብት እስከ 1869 ስለተጠበቀ ሌሎቹ አምራቾች የራሳቸውን ለመሥራት መጠበቅ ነበረባቸው። ኮልት በ1873 ያወጣው ታዋቂ ባለ ስድስት ሽጉጥ በስተቀኝ በኩል ትንሽ በር ነበረችው። በሯ ትከፈታለች፣ ከበርሜሉ ጎን ባለው ዘንግ አንዱ ባዶ ቀለህ ተገፍቶ ይወጣል፣ ሲሊንደሩ በአንድ ቀዳዳ ልክ ይዞራል፣ እንደገና ይገፋል። ስድስቱን አውጥቶ ስድስቱን ማስገባት አሥራ ሁለት የተለያየ ሥራ ነው። በዚያ ላይ ጥንቁቅ ሰው የሚሞላው አምስቱን ብቻ ነበር፤ መዶሻው በጥይት ላይ ካረፈ ሽጉጡ ሲወድቅ ሊባርቅ ስለሚችል አንዱ ቀዳዳ ባዶ ይተው ነበር።

ሁሉንም ቀለህ በአንዴ ለማውጣት ሁለት መንገድ ተገኘ። የመጀመሪያው ሽጉጡን ከላይ ሰብሮ መክፈት ነው። በ1870 የወጣው የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሞዴል 3፣ ኋላም የእንግሊዝ ጦር ከ1887 ጀምሮ የታጠቀው ዌብሊ፣ በርሜሉ ወደታች ሲታጠፍ ቀለሆቹን በሙሉ ይተፉ ነበር። ሁለተኛው ሲሊንደሩን ወደ ግራ ማውጣት ነው። ኮልት በ1889፣ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ደግሞ በ1896 ይህን ዓይነት ሪቮልቨር አወጡ። በጥንካሬው ያሸነፈው ይኸኛው ሲሆን የአሜሪካ ፖሊስ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት የያዘው ሽጉጥም ይኸው ሆነ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ ሌላ ብልሃት መጣ። ለአውቶማቲክ ሽጉጥ የተሠራው .45 ጥይት በቀለሁ ግርጌ ወጣ ያለ ከንፈር ስለሌለው የሪቮልቨር ማውጫ አይዘውም ነበር። ሦስት ሦስት ጥይት የምትይዝ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያላት ስስ ብረት ተሠርታ ችግሩ ተፈታ። ብረቷ ለሌላ ጉዳይ ብትሠራም የጎን ጥቅሟ ትልቅ ነበር፤ ስድስቱ ጥይት በሁለት ጊዜ ይገባል፣ ባዶውም አብሮ ይወጣል።

የሪቮልቨር አሞላል በቅርብ ሲታይ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ምክንያት አለው። ቀኝ እጅ መክፈቻውን ይነካል፤ በስሚዝ ኤንድ ዌሰን ወደፊት ይገፋል፣ በኮልት ወደኋላ ይሳባል። የግራ እጅ ሁለቱ መካከለኛ ጣቶች በሽጉጡ መስኮት ገብተው ሲሊንደሩን ወደ ውጭ ገፍተው ይይዙታል። ከዚያ አፈሙዙ ወደ ላይ ይቀናና የማውጫው ዘንግ አንዴ፣ በኃይል ይመታል። አፈሙዙ ወደ ላይ የሚሆነው ቀለሆቹ በራሳቸው ክብደት እንዲወርዱ፣ ያልተቃጠለ የባሩድ ፍርፋሪም ቀለሆቹን ከሚገፋው የማውጫው ኮከብ ሥር ገብቶ እንዳይቀር ነው። ዘንጉ በዝግታ ከተገፋ አንድ ቀለህ ሸርተት ብሎ በኮከቡ ሥር ሊሰነቀር ይችላል፤ ያን ጊዜ ሽጉጡ አይዘጋም፣ በቀላሉም አይላቀቅም። ባዶው ከወጣ በኋላ አፈሙዙ ወደ ታች ይዞራል፣ አዲሶቹ ጥይቶች ይገባሉ፣ ሲሊንደሩ በእጅ ተገፍቶ ይዘጋል። በፊልም እንደሚታየው በአየር ላይ አወናጭፎ መዝጋት የሲሊንደሩን መያዣ ያጎብጣልና በሙያው ነውር ነው።

አዲሶቹ ጥይቶች ከየት ይመጣሉ የሚለው ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነበር። ለብዙ ዓመታት የአሜሪካ ፖሊስ መልስ በቀበቶ ላይ የተሰፋ ትንሽ የቆዳ ቦርሳ ነበር። ክዳኑ ሲከፈት ስድስት ጥይት መዳፍ ላይ ይፈስሳል። በማሠልጠኛው ሜዳ፣ በቀን ብርሃን፣ በተረጋጋ እጅ ይህ ይሠራል። በጨለማ፣ በብርድ፣ ልብ ሲመታና ጣት ሲንቀጠቀጥ ግን ግማሹ መሬት ላይ ይበተናል። በዚያ ላይ አንዳንድ ማሠልጠኛዎች ሜዳው በቀለህ እንዳይቆሽሽ ሠልጣኞች ባዶውን በመዳፋቸው ተቀብለው ኪሳቸው ውስጥ ወይም ባልዲ ውስጥ እንዲከቱ ያደርጉ ነበር። ለጽዳት የታሰበ ልማድ የውጊያ ልማድ ሆኖ በእጅ ላይ ሊቀር እንደሚችል የገመተ ጥቂት ነው።

በኤፕሪል 1970 እኩለ ሌሊት ገደማ፣ በካሊፎርኒያ ኒውሆል በተባለ ስፍራ፣ አራት የካሊፎርኒያ ሀይዌይ ፓትሮል ፖሊሶች በሁለት ታጣቂዎች ተገደሉ። አራቱም ገና 25 ዓመት አልሞላቸውም ነበር። ከመካከላቸው ጄምስ ፔንስ በእግሩና በደረቱ ቆስሎ ሳለ ባዶ የሆነውን ሪቮልቨሩን አንድ በአንድ ይሞላ ነበር፤ አንደኛው ታጣቂ ተጠግቶ የገደለው በዚያች አፍታ ነው። ከዚህ በኋላ የካሊፎርኒያ ሀይዌይ ፓትሮል ስፒድሎደርን ለፖሊሶቹ ፈቀደ። ስፒድሎደር ስድስቱን ጥይት በክብ አቅፎ የሚይዝ ትንሽ ዕቃ ነው። የጥይቶቹ አፍንጫ በቀዳዳዎቹ ይገጥማል፣ እንደ ዓይነቱ መያዣው ይዞራል ወይም ይገፋል፣ ስድስቱም በአንድነት ይገባሉ። ከዚያ በኋላ ሌሎች የፖሊስ ተቋማትም ይህንኑ ተከትለዋል።

ከኒውሆል ጋር አብሮ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። ፔንስ በሞት አፋፍ ላይ ሆኖ እንኳ እንደ ሥልጠናው ባዶ ቀለሆቹን ኪሱ ውስጥ እንደከተተ ለብዙ ዓመታት በየማሠልጠኛው ተነግሯል። በኋላ የምርመራው ሰነድ ተገላብጦ ሲታይ ታሪኩ እውነት ሆኖ አልተገኘም፤ ቀለሆቹ የወደቁት መሬት ላይ ነው። ስሕተቱ መታረሙ ለሟቹ ክብር ተገቢ ነው። አሠልጣኞች ከታሪኩ የወሰዱት ትምህርት ግን በራሱ የቆመ ነው፤ ሰው በጭንቅ ጊዜ የሚያደርገው አስቀድሞ ሲደጋግም የኖረውን ነው። ባዶ ቀለህ ተቀብሎ ማስቀመጥ ከሥልጠና መውጣቱ፣ መሬት ላይ ጥሎ መቀጠል ደንብ መሆኑ ትክክለኛ ውሳኔ ነበር።

ሁለተኛው መራር ትዝታ የማያሚ ነው። ኤፕሪል 11 ቀን 1986 ስምንት የኤፍ.ቢ.አይ. ወኪሎች ከሁለት የባንክ ዘራፊዎች ጋር ተታኩሰው ሁለቱ ወኪሎች ሞቱ። ጎርደን ማክኒል የተባለው ወኪል እጁን ተመትቶ ስለነበር ሪቮልቨሩን መሙላት አልቻለም፤ ደምና የተበጠሰ ሥጋ የሲሊንደሩን ቀዳዳዎች ደፍኖበት ነበር። የሪቮልቨር አሞላል ሁለት ጤነኛ እጅ፣ ጣቶችንም አንድ በአንድ የማዘዝ አቅም እንደሚጠይቅ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር የለም። ኤፍ.ቢ.አይ. ከዚህ በኋላ ወደ ባለ ካዝና ሽጉጥ አዘነበለ። የኢሊኖይ ግዛት ፖሊስ ይህን እርምጃ ቀድሞ በ1967 ወስዶ ነበር፤ የኒው ዮርክ ከተማ ፖሊስ ደግሞ በ1993 ጀመረ።

በባለ ካዝና ሽጉጥ ጥይቶቹ በእጀታው ውስጥ በሚገባ ካዝና ይደረደራሉ። ቃታ በተሳበ ቁጥር ስላይድ የሚባለው የላይኛው ተንሸራታች ብረት ወደኋላ ሄዶ ቀለሁን ይተፋል፣ ሲመለስ ከካዝናው አዲስ ጥይት ወስዶ ለበርሜሉ ያጎርሳል። የመጨረሻው ጥይት ሲተኮስ ስላይዱ ክፍት ሆኖ ይቆማል። በ1911 የአሜሪካ ጦር የታጠቀው ኮልት ሰባት ጥይት የሚይዝ ካዝና ነበረው፤ በ1982 የኦስትሪያ ጦር የመረጠው ግሎክ 17 ደግሞ አሥራ ሰባት። በሁለቱም ካዝናው የሚለቀቀው ከቃታው ጀርባ ባለች ቁልፍ በአውራ ጣት ነው። በኢትዮጵያም በሰፊው የሚታወቀው፣ በሶቪየት ኅብረት በ1951 የጦር መሣሪያ የሆነው ማካሮቭ ግን ስምንት ጥይት የሚይዘውን ካዝናውን የሚለቀው በእጀታው ግርጌ ባለ መያዣ ነው። ግራ እጅ መያዣውን ወደኋላ ገፍቶ ካዝናውን ስቦ ያወጣል። ስለዚህ አሞላሉ ይዘገያል፤ በአንጻሩ ካዝናው እጅ ላይ ስለሚቀር ተጥሎ አይጠፋም።

በባለ ካዝና ሽጉጥ ሦስት መሠረታዊ አሞላሎች አሉ። የመጀመሪያው የጭንቅ አሞላል ነው። ሽጉጡ ባዶ ሆኖ ስላይዱ ተከፍቶ ሲቆም የሚደረግ ነው። አውራ ጣት ቁልፉን ሲጫን ግራ እጅ በዚያው ቅጽበት ወደ ቀበቶ ይወርዳል። ባዶው ካዝና መሬት ይወድቃል፤ ማንም አያነሣውም። አዲሱ ካዝና ሲመዘዝ ሌባ ጣት በፊቱ በኩል እስከ መጀመሪያው ጥይት አፍንጫ ተዘርግታ ትይዘዋለች፤ ጣት የምትጠቁምበትን አቅጣጫ እጅ በጨለማም ያገኘዋልና። ካዝናው በእጀታው አፍ ከገባ በኋላ በመዳፍ ይመታል፣ ስላይዱ ወደኋላ ተስቦ ይለቀቃል ወይም ስላይዱን ክፍት አድርጎ ያቆመው መያዣ በጣት ይወርዳል። ይህ ሁሉ ሲሆን ሽጉጡ ከደረት ፊት ለፊት፣ ከዓይን መስመር ብዙም ሳይርቅ ይያዛል፤ ተኳሹ የሚሠራውንም፣ ከፊቱ ያለውንም አብሮ እንዲያይ ነው።

ሁለተኛው የፍጥነት አሞላል ነው። ካዝናው ገና ሳያልቅ፣ በርሜሉ ውስጥም ጥይት እያለ፣ ተኳሹ ብዙ እንደተኮሰ ሲያውቅና አደጋው ሊቀጥል ይችላል ብሎ ሲያስብ የሚመርጠው ነው። እንቅስቃሴው ከመጀመሪያው ጋር አንድ ነው፤ ልዩነቱ ስላይዱን መንካት አለማስፈለጉ ነው። በካዝናው የቀሩት ጥቂት ጥይቶች አብረው ይወድቃሉ፤ ይህ የፍጥነቱ ዋጋ ነው። ትርፉም ግልጽ ነው፤ ሽጉጡ በመጥፎ ሰዓት ባዶ ከመሆኑ በፊት በተመረጠ ሰዓት ይሞላል፣ እየተሞላም እንኳ አንድ ጥይት በበርሜሉ አለ።

ሦስተኛው ጥይት ሳይጥሉ መሙላት ሲሆን ተኩሱ ጋብ ሲል፣ ተኳሹም ከጥይት ከሚከልል ነገር ጀርባ ሲሆን ብቻ ይደረጋል። ሁለት መልክ አለው። በአንደኛው አዲሱ ካዝና መጀመሪያ ወደ ሽጉጡ ይቀርባል፣ ያው እጅ አሮጌውን ይቀበላል፣ አዲሱን ያስገባል፣ አሮጌውን ወደ ኪስ ይከታል። በዚህ ጊዜ ሽጉጡ ያለ ካዝና የሚቆየው ለአጭር አፍታ ነው፤ ሁለት ካዝና በአንድ መዳፍ መያዝ ግን ትንሽ እጅ ላለውና ለቀዘቀዘ ጣት ይከብዳል። በሁለተኛው አሮጌው አስቀድሞ ወጥቶ ኪስ ይገባል፣ ከዚያ አዲሱ ይመዘዛል። ይህኛው ለእጅ ይቀላል፤ ሽጉጡ ግን ያለ ካዝና የሚቆየው ረዘም ላለ ጊዜ ነው። ሪቮልቨርም የራሱ ተመሳሳይ ስልት አለው። ማውጫው በከፊል ተገፍቶ ሲለቀቅ ያልተተኮሱት ጥይቶች ወደ ቀዳዳቸው ይመለሳሉ፤ ተኩስ ያሳበጣቸው ቀለሆች ግን ብቅ እንዳሉ ስለሚቀሩ እየተለቀሙ ይተካሉ።

ስልቶቹን ማወቅ የሥራው ግማሽ ነው፤ ሌላው ግማሽ መቼ የሚለው ነው። ሽጉጡ ባዶ ከሆነ ምርጫ የለም፤ የመጀመሪያው ስልት ነው፣ ከተቻለም ከለላ ወዳለበት እየተንቀሳቀሱ። ሽጉጡ ባዶ ካልሆነና አደጋው ዓይን ለዓይን ከሆነ መሙላት ጨርሶ ጊዜው አይደለም፤ ያለውን ጥይት መጠቀም ነው። አደጋው ላፍታ ከተሰወረና ጊዜው የማይታወቅ ከሆነ የፍጥነቱ አሞላል ይመረጣል። ጸጥታው ከጸና፣ የያዙት ጥይትም ጥቂት ከሆነ ሦስተኛው ተገቢ ነው። ሽጉጡ መተኮስ ሲያቆም ባዶ ሆኖ ነው ወይስ ተሰናክሎ የሚለውም መለየት አለበት። ስላይዱ ወደኋላ ከቆመ አብዛኛውን ጊዜ ጥይት አልቋል፤ ተዘግቶ እያለ ካልተኮሰ ግን በቅድሚያ ካዝናውን ከታች መትቶ ስላይዱን መሳብ ይመከራል። ከማያሚ በኋላ ደግሞ በአንድ እጅ መሙላት ቦታ አግኝቷል። ሽጉጡ በጉልበቶች መካከል ወይም በአፎቱ ውስጥ ይያዛል፣ ካዝናው በጤነኛው እጅ ይቀየራል፣ ስላይዱ በቀበቶ ወይም በጫማ ተረከዝ ላይ ተገፍቶ ይከፈታል፤ ይህ ሲሆን አፈሙዙ ከራስ አካል መራቁ ግድ ነው።

የውድድር ሜዳዎችም በዚህ ታሪክ የራሳቸው ድርሻ አላቸው። አሜሪካዊው የተኩስ አሠልጣኝ ጄፍ ኩፐር የፈጠረው «ኤል ፕሬሲደንቴ» የተባለ ልምምድ ሦስት ዒላማዎችን ሁለት ሁለት ጊዜ መትቶ፣ ሽጉጡን ሞልቶ፣ እንደገና ሁለት ሁለት መምታት ነው፤ ለሁሉም አሥር ሰከንድ ተሰጥቷል። መሙላት የተኩስ ክህሎት አካል ሆኖ በሰዓት መለካት የጀመረው በእንዲህ ዓይነት ልምምድ ነው። በ1976 የተመሠረተው የተኩስ ውድድር ማኅበር አይ.ፒ.ኤስ.ሲ. ፍጥነትን አስቀደመ። በ1996 የተመሠረተው ሌላው የውድድር ማኅበር አይ.ዲ.ፒ.ኤ. በበኩሉ ጥይት ያለበትን ካዝና መሬት ላይ መጣልን በደንቡ ይቀጣ ነበር። የውድድር ተኳሹ ጄሪ ሚኩሌክ በ1999 በሪቮልቨር ስድስት ተኩሶ፣ ሞልቶ፣ ስድስት ለመድገም የፈጀበት 2.99 ሰከንድ ብቻ ነው። ይህ የሪቮልቨር አሞላል በተካነ እጅ የት ሊደርስ እንደሚችል ያሳያል። ነገር ግን በሜዳ ላይ አንደኛ የሚያወጣው ልማድ በጎዳና ላይ ሁሌ አይጠቅምም፤ የሜዳውን ልማድ ከሥራው ልማድ መለየት የአሠልጣኝ ኃላፊነት ነው።

ከአሞላል ጋር ተያይዞ መቼም መዘንጋት የሌለበት ነገር ካዝና ማውጣት ሽጉጥን ባዶ አለማድረጉ ነው። ካዝናው ቢወጣም በበርሜሉ የጎረሰው ጥይት እዚያው አለ፤ ብዙ ዓይነት ሽጉጦችም ያለ ካዝና ይተኩሳሉ። ስለዚህ በሰላም ጊዜ መሣሪያ ሲፈተሽ መጀመሪያ ካዝናው ይወጣል፣ ቀጥሎ ስላይዱ ተስቦ በርሜሉ በዓይንም በጣትም ይረጋገጣል፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ካዝናው አዲስ ጥይት ያጎርሳል። በመሙላት ጊዜ ሁሉ ጣት ከቃታ ውጭ፣ አፈሙዝም ሰው ከሌለበት አቅጣጫ መሆን አለበት። ልምምዱ ባሩድ በሌለው የመለማመጃ ጥይት፣ እውነተኛው ጥይት ከክፍሉ ከወጣ በኋላ፣ በመጀመሪያ በዝግታ ይደረጋል። ፍጥነት እጅ ትክክለኛውን መንገድ ከለመደ በኋላ በራሱ ይመጣል፤ በስሕተት የተለመደ ፍጥነት ግን ተፍቆ እንደገና እስኪለመድ ድረስ ብዙ ድካም ያስከፍላል።